እስክትጨርሺው

ሰኞ፣ ኅዳር 18 ቀን 1982 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የጀመርኩት በኩርፊያ ነው። ሰላም ብንሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ለኢስሃቅ ነግሬው ይወጣልኝ ነበር። አሁን ከእሱ ጋር ስለማልነጋገር ለወረቀት መናገር ግድ ሆነብኝ።

የተጣላነው በመጽሐፍ ነው። ሌላ ሰው ቢሰማ ይስቅብናል። ባለፈው ወር ተራ በተራ ባነበብነው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት አስተማሪ አለች። በአንድ የገጠር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተቀምጣ፣ ትቷት የሄደውን ሰው አሥራ አንድ ዓመት ትጠብቃለች። በመጨረሻ ሰውየው ሚስትና ልጆች ይዞ ከባቡር ሲወርድ ለልጆቹ ውሃ ቀድታ ታጠጣለች። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ትራሴ እስኪርስ አለቀስኩ። ኢስሃቅ ግን ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ይቺ ሴትዮ አሥራ አንድ ዓመት ምን ትሠራ ነበር? መጠበቅ ሥራ አይደለም። ባቡሩ በየቀኑ በደጇ ያልፋል፤ አንድ ቀን ተነስታ ብትሳፈርስ?»

እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምሠራው ባቡር ጣቢያው የጭነት ክፍል ነው፤ ታይፕ እመታለሁ፤ ባቡሩ በመስኮቴ ያልፋል። ታዲያ ስለማን ነው የጻፈው? ሱቁ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። «አቦ የሺ፣ ስለ መጽሐፉ ነው» ብሎ ሳቀ። የሳቀው ሳቅ ነው እንጂ የጻፈው እንኳ ይህን ያህል አያናድድም ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 22

የምጽፈው በቀትር ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ከተማው ይተኛል። ቢሮ ይዘጋል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር የተጋደመ ውሻ እንኳ ሰው ሲያልፍ ቀና አይልም። እማዬም ሲሚንቶው ላይ ሰሌን ዘርግታ ትተኛለች። አባቴ የሸመንደፈር፣ የባቡር ድርጅቱ ሰው ስለነበር ሲሞት ይህን ቤት ትቶልናል፤ ለእኔ ደግሞ ኩርፊያውን። በአንድ የጠፋ ካልሲ እማዬን አራት ወር አኩርፏታል ይባላል።

ስለ ጭራ ልጻፍ፤ እኔ ብረሳው ደብተሩ ያስታውሰኛል።

ኢስሃቅ መጋላ ገበያ ውስጥ ሰዓት ይሠራል። ከአምስት ዓመት በፊት የአባቴን የኪስ ሰዓት ላሠራ ብሄድ መጽሐፍ ሲያነብ አገኘሁት። ሰዓቱን ሰጥቼው የያዘውን መጽሐፍ ተዋስኩ። ከዚያ ወዲህ እኔ ያገኘሁትን ለእሱ፣ እሱ ያገኘውን ለእኔ ሆነ። ቀድሞ ያነበበ ሰው ያሰበውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ፣ ከመጨረሻው ገጽና ከሽፋኑ መካከል ያስቀምጣታል። ያቺን ወረቀት ጭራ ብለን ጠራናት። ሕጓ አንድ ነው፦ መጽሐፉን ያልጨረሰ ጭራዋን አይከፍትም። የጨረሰ ይከፍትና እዚያው ሥር መልሱን ይጽፋል። ኢስሃቅ እንዳልሰርቅ ብሎ የራሱን ጭራ በክር ይሰፋታል፤ በዚያ ብሎን በሚያነሳ ጣቱ። በአምስት ዓመት ውስጥ አንዲት ክር ያለጊዜዋ በጥሼ አላውቅም። በዚህስ እኮራለሁ።

መልስ የተጻፈባቸው ጭራዎች እኔ ጋ ነው የሚቀመጡት። አልጋዬ ሥር፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ስልሳ ሦስት ሆነዋል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

ቢሮ መጣ። እሱ ቢሮዬ መጥቶ አያውቅም ነበር። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተለበደ ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ አድርጎ «ወላሂ እንዲህ ያለ ሰጥቼሽ አላውቅም» አለኝ። እጄን ከታይፑ ሳላነሳ «አስቀምጠው» አልኩት። አለቃዬ አቶ ዘገዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ሄደ።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተቀድደዋል፤ ርዕሱም የጻፈውም አይታወቅም። ሰዎችን በጀልባ ወንዝ ስለሚያሻግር አንድ ሰውዬ ነው። ወንዙ ላይ ድልድይ ሊሠራ ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። ጭራዋ ኋላ ላይ አለች፤ ዳር ዳሯ በሙሉ ተሰፍቷል። ድሮ ሁለት ስፌት ነበር የሚበቃት።

አሁን አላነበውም። ትንሽ ይጠብቅ፤ መጠበቅ ሥራ አይደለም ያለው እሱ ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ሥራ በዛ። ሁለት ፉርጎ ጭነት በተሳሳተ ስም። ገጽ 31።

አቶ ዘገዬ በስልክ «ኮታው አልሞላም፤ ከየቀበሌው ገና ሰው ይፈለጋል» ሲሉ ሰማሁ። የብሔራዊ ውትድርና ነገር ነው። ኢስሃቅ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ግን አባቱ ሞተዋል፣ እናቱን የሚጦር አንድ ወንድ ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን አይነኩም።

ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ስለ እሱ አላስብም ብዬ ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 14

ከገበያ ስመለስ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አገኘኝ። እየጠበቀ የቆመ ይመስላል፤ እሱ ግን አጋጣሚ ነው አለ።

«ጨረስሽው?»

አልጨረስኩም አልኩት። ስንት ደረስሽ አለኝ፤ ሰማንያ። ከሰማንያ በኋላ ይፈጥናል አለኝ። ድንችና ሽንኩርቴን ተቀብሎ እስከዚህኛው ዳር ተሸከመልኝ። ሰው ያየናል ብዬ እዚያው ተቀበልኩት። እማዬ ለጎረቤት «የእኔ ልጅ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰዓት እያሠራች ነው፤ መቼ እንደሚያልቅ እንጃ» ስትል ሰምቻለሁ። በእስላምና በክርስቲያን መካከል ሊሆን የሚችለውን ሁሉም ያውቃል፤ እኛ ደግሞ መጽሐፍ እንዋዋሳለን እንጂ ሌላ ምንም የለም።

ምን አስቸኮለው ግን? የእኔን መጽሐፍ ሁለት ወር ይዞ «ገና ነኝ» የሚል ሰው!

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 21

ገጽ 150። እውነቱን ልናገር፤ መጽሐፉ ገደለኝ። ጀልበኛው ሰውዬ በየማለዳው የድልድዩን ምሰሶ ይቆጥራል። አንዲት ሴት በየሳምንቱ ትሻገራለች፤ የሚነጋገሩት ስለ ውሃው ብቻ ነው፤ ዛሬ ሞልቷል፣ ዛሬ ጎድሏል። ድልድዩ ሲያልቅ ከእንግዲህ በጀልባ አትሻገርም። እሷም እሱም ይህን ያውቃሉ፤ ግን የሚያወሩት ስለ ውሃ ነው። ምን ዓይነት ሞኞች ናቸው!

እንዳያልቅብኝ በቀን አራት ገጽ ብቻ ብዬ ወሰንኩ። መጀመሪያ በኩርፊያ አዘገየሁት፤ አሁን በስስት።

ዛሬም በቢሮው በር አልፎ ነበር። ጨረስሽው? አልጨረስኩም። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ከስቷል። ጉንፋን ይሆናል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 29 — ገና

ቱሪያ፣ የኢስሃቅ እህት፣ እንደየዓመቱ ሐልዋ ይዛ እንኳን አደረሳችሁ ልትለን መጣች። እሱ አልመጣም። በየገናው ሁለቱም ነበር የሚመጡት። እማዬ የት ቀረ ብትላት፣ በዚህ ሰሞን መንገድ ላይ ባይበዛ ይሻላል አለች። ሸኝቻት እስከ በር ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «አንቺ፣ ያን መጽሐፍ ምን አደረግሽው? እሱ እኮ እንቅልፍ የለውም» አለችኝ። ሳቅሁ። ለመጽሐፍ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ከእኔ ሌላ መኖሩ ደስ ስላለኝ ነው የሳቅሁት። እሷ አልሳቀችም።

ዓርብ፣ ጥር 4

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ለጁምዓ ጀለቢያውን ለብሶ ቢሮ መጣ። አቶ ዘገዬ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ሁለት ነጋዴዎች ወረቀት እስክጨርስላቸው ቆመዋል።

«ስንት ደረስሽ?»

«ሁለት መቶ አሥር።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሺ፣ ለዚህ መጽሐፍ ብቻ ሕጉን ብንተወውስ? ጭራዋን ቀድመሽ ብታያት ምናለ?» አለኝ።

ጣቴን ከታይፑ አነሳሁ። «ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ» አልኩት። «አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችውን ሴትዮ ስትሰድባት አፍ ነበረህ። አሁን አንድ ወር መጠበቅ አቃተህ?»

ነጋዴዎቹ ሳቁ። አቶ ዘገዬም ፈገግ አሉ። እሱ ግን ለመሳቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

«ልክ ነሽ» አለ። «እጠብቃለሁ።»

በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወጣ።

ጥሩ አድርጌ ነው የመለስኩለት። በስልሳ ሦስት ጭራ ውስጥ እንደዛሬው ረትቼው አላውቅም። ምሳ ግን አልበላልኝ አለ።

ዓርብ፣ ጥር 11 — ጥምቀት

ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ ኩርፊያው በቃኝ። ምን እየጠበቅሁ እንደሆነ እኔም ረሳሁት። እስከ ሌላው እሑድ እጨርሰዋለሁ፤ ጭራዋን እከፍታለሁ፤ መልሴን ጽፌ ራሴ ሱቁ ድረስ ወስጄ እሰጠዋለሁ። እንዲያውም በአስተማሪዋ ነገር ትንሽ ልክ ነበርክ እለዋለሁ። ትንሽ ብቻ።

ገጽ 238።

ረቡዕ፣ ጥር 16

መጋላ የውትድርና አፈሳ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። ሁለት ካሚዮን ይላሉ፤ ሦስት የሚሉም አሉ። አቶ ዘገዬ ማንም ከቢሮ እንዳይወጣ ብለው በሩን ዘጉ።

እሱ ሱቅ ውስጥ ነው። መዝጊያውን ዘግቶ ይቀመጣል። ብልህ ነው።

ገጽ 288። ፊደሉ አይገባኝም።

ሐሙስ፣ ጥር 17

በቀትር ሄድኩ። ሱቁ ከውጭ ተቆልፏል። ጆሮዬን በሩ ላይ ባደርግ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ይሄዳሉ። ከጎኑ ጨርቅ የሚሸጠው አብዲቃድር ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። «እኔ ነኝ የቆለፍኩት» አለ። ሌላ አልጠየቅሁትም።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ቱሪያ መጣች። አልተቀመጠችም። ኢስሃቅ ያለበትን ማሰልጠኛ አውቀዋል። ልብስና ሳሙና ልካለች፤ ይድረሰው አይድረሰው አታውቅም። ከዚያ እጆቿን በሻርፓዋ ጠቅልላ እንዲህ አለችኝ።

«እንዳልወቅስሽ ምዬ ነው የመጣሁት፤ ግን ካልነገርኩሽ ይፈነዳብኛል። ዲሪርን ታውቂዋለሽ? የዋሂል መንደሩን ግመለኛ። እሱ ነው ወደ ጅቡቲ ሰው የሚያሻግረው። ከገና በፊት መጣ፤ ኢስሃቅ ገና ነኝ ብሎ መለሰው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ መጣ፤ ገና ነኝ አለው። እናታችን አዴ እግሩ ላይ ወድቃ አልቅሳለች። ምን ሆነሃል ስንለው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ የሺ መጽሐፉን አልጨረሰችም። አቦ እኛ ያበደ ነው የመሰለን።»

ስትሄድ ክሩን በእማዬ ምላጭ ቆረጥኩት። አሥራ አራት ስፌት ነበር። ያለውን እዚህ እገለብጠዋለሁ፤ ወረቀቷ በእጄ ላብ እየለሰለሰች ነው።

«የሺ፤ ስለ ጀልበኛው ሌላ ጊዜ እንከራከራለን። ስለ አስተማሪዋ የጻፍኩት ላንቺ አልነበረም። ለራሴ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ባቡሩ በደጄ ሲያልፍ ያየሁት እኔ ነኝ። ስሜ ቀበሌ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ነግረውኛል። ጅቡቲ አጎቴ ሰዓት ቤት አለው፤ ሁለት ወንበር አለ ብሎ ጽፎልኛል። መንገድ የሚያሳይ ሰው ተገኝቷል። ብቻዬን መሄድ እችላለሁ፤ ግን አልፈልግም። እናትሽንና እናቴን አስቤያለሁ፤ ይቆጣሉ፤ ከዚያ ይተዉታል። በአፍ ያልነገርኩሽ ሱቄም ቢሮሽም ጆሮ ስለማይጠፋ ነው፤ ደግሞ ጀልበኛው ከእኔ የተሻለ አድርጎ ይነግርሻል። እሺም በይ እምቢም በይ፣ እዚህ ሥር ጻፊልኝ። እምቢ ብትዪም አልቀየምሽም። አትቸኩዪ፤ በደንብ አንብቢው። እስክትጨርሺው አልሄድም። ኢስሃቅ።»

እሑድ፣ ጥር 20

ዛሬ አርባ ስምንት ቀኑ። መጽሐፉ እኔ ጋ ከገባ አርባ አራት ቀን ሲሆነው ነው ኢስሃቅን የያዙት። አሥር አሥር ገጽ ባነብ ሊይዙት ሁለት ቀን ሲቀረው እጨርሰው ነበር። ስምንት ስምንት ባነብ፣ ዲሪር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ሦስት መቶ ገጽ... አይ፣ አልደርስም ነበር። አሥር መሆን ነበረበት። ወይም ምላጭ።

እማዬ ምን ሆነሻል አለችኝ። ራሴን አመመኝ አልኳት። «ያ ሰዓት ሠሪ ነው አይደል?» አለች። አጠገቤ ተጋድማ ጀርባዬን ታሸኝ ጀመር። ባትነካኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 3

ከቱሪያ ጋር ማሰልጠኛው በር ድረስ ሄድን። አያስገቡም። አጥሩ ማዶ ብዙ የተላጨ ራስ አለ፤ የትኛው እሱ እንደሆነ አይለይም። ጭራዋን ልልካት አስቤ ነበር፤ ግን የእሱን እጅ ጽሑፍ ከእጄ ማውጣት አልቻልኩም። በሌላ ወረቀት አንድ ቃል ጻፍኩ፦ «እሺ»። አጥፌ በክር ሰፋኋት። ስፌቴ ያሳፍራል። ለአንድ ዘበኛ ሰጥቼ የኢስሃቅን ስም ከነአባቱ ነገርኩት። ከሳሙናው ጋር ኪሱ ከተታት። ደግ ፊት ነበረው። ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

ተንቀሳቅሰዋል። ወደ ሰሜን። አቶ ዘገዬ ናቸው የነገሩኝ፤ ሌላ ሰው ሲሰማ ሳይሆን ለብቻዬ ጠርተው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና፣ ያን ዕለት ቢሮ የመጣው ልጅ መሆኑን ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። «ስስቅ አይቶኛል» አሉ።

ዐቢይ ጾም ነው፤ ሰው የከሳሁት በጾም ይመስለዋል። ጥሩ ሆነልኝ።

መጽሐፉ ትራሴ ሥር ነው። አልከፍተውም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 10

የቀበሌ ሰዎች ትናንት ጠዋት የኢስሃቅ እናት አዴ ሑዳ ቤት ሄደው መሞቱን ነገሯቸው። የት እንደሆነ አያውቁም፤ መቼ እንደሆነ አያውቁም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው።

ረመዳን ስለሆነ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ውሃ እንኳ የሚጠጣ የለም። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእኔ ጋር ደቻቱን ተሻገረች፤ ሳልጠይቃት። አዴ ሑዳ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ማን እንደሆንኩ ቱሪያ ነግራቸዋለች፤ እያወቁ ነው እጄን የያዙት። ቢቆጡኝ፣ ቢያባርሩኝ እቀበል ነበር። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። እሳቸው ናቸው እኔን ያጽናኑኝ። ይህን እንዴት እንደምሸከመው አላውቅም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 25

ቱሪያ ላከችብኝ። እናቷ የእሱ እጅ ጽሑፍ ያለበት ነገር ይፈልጋሉ፤ ቤት ውስጥ ምንም አልተገኘም፣ በሱቁ ያለውም የብሎን ስምና ቁጥር ነው። የብስኩቱን ቆርቆሮ ይዤ ሄድኩ።

አዴ ሑዳ ማንበብ አይችሉም። ቱሪያ አንድ በአንድ እያወጣች አነበበችላቸው፤ ከአማርኛው ያልገባቸውን በሐረሪ ትነግራቸዋለች። የማያውቋቸው መጻሕፍት፣ የማያውቋቸው ሰዎች። አንዱ ቦታ ላይ አንድን ሽማግሌ ገጸ ባሕርይ እንዲህ ሲል ይሰድበዋል፦ «ይህ ሰውዬ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ለመለዋወጫ እፈታው ነበር።» ሳቁ። ከዚያ በመዳፋቸው አፋቸውን ያዙ። «ቤት ውስጥ እኮ አይናገርም ነበር» አሉ። «እህ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ያወራ ነበር?»

ያወራ ነበር አልኳቸው።

ቆርቆሮውን እዚያው ተውኩላቸው። ቱሪያ እስከ ደቻቱ ሸኘችኝ። አሸዋው ላይ ስንደርስ፣ የመጨረሻዋ ጭራ ከውስጡ እንደሌለች ማየቷን ነገረችኝ። እኔ ጋ ትቆይ አልኳት። እሺ አለች። ሥሯ ላይ ምን እንደጻፍኩ አልጠየቀችኝም፤ ምንም አልጻፍኩባትም፤ የመልሱ ቦታ ባዶ ነው።

«መጽሐፉንስ?» አለችኝ። «እስከዛሬ አልጨረስሽውም?»

«አልጨረስኩም።»

«ምን ቀረሽ እንግዲህ? ጨርሺውና ይውጣልሽ።»

ቤት ገብቼ ከትራሴ ሥር አወጣሁት። የሲሚንቶ ወረቀቱን አቧራ ጠረግሁ። ገጽ 288 ላይ ድልድዩ አንድ ምሰሶ ይቀረዋል፤ ሴትዮዋ ጀልባው ላይ ናት፤ ሰውየው ዛሬ ውሃው ጎድሏል ይላታል። ምልክቴን እዚያው ላይ መልሼ አጠፍኩት።

ጨርሺው ትላለች። ኢስሃቅ እስክጨርሰው አልሄድም ብሏል።